የስንት ቀን መንገድ ነው? ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን፣ የርቀትና የሰዓት ታሪክ



በአማርኛ ስለ ርቀት የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ጊዜ ነው። «ስንት ቀን ያስኬዳል?» ይላል። ነጋዴውም፣ ዘማቹም፣ ተሳላሚውም መንገዱን የለካው በቀን ነበር፤ የግማሽ ቀን መንገድ፣ የሦስት ቀን መንገድ፣ በበቅሎ ከሆነ ይህን ያህል፣ በእግር ከሆነ ያንን ያህል። ይህን አለካክ ኪሎ ሜትር የማያውቅ ሕዝብ ድክመት አድርገው የጻፉ የውጭ ተጓዦች አሉ። እኔ አልስማማም። በቀን የተለካ መንገድ ወንዙ መሙላቱን፣ ኬላው ላይ ቀረጥ መጠየቁን፣ በረሃው ሽፍታ ያለበት መሆኑን ሁሉ አብሮ ይቆጥራል። በበጋ የአምስት ቀን የሆነው መንገድ በክረምት የአሥራ አምስት ቀን ይሆናል፤ መሬቱ ግን አንድ ክንድ አልጨመረም። ለታሪክ ተማሪ ከኪሎ ሜትር ይልቅ ይህ መለኪያ ብዙ ይናገራል።

ዛሬ ይህንኑ አሮጌ ጥያቄ ለሁለት ሩቅ ከተሞች አቀርባለሁ፤ ለአዲስ አበባና ለዋሽንግተን። ዘመኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የአውሮፓውያን አቆጣጠር በሚያስፈልግበት ቦታ ለይቼ እናገራለሁ።

ስልኩን አውጥቶ የሚጠይቅ ሰው ሁለት መልስ ያገኛል። አንደኛው ርቀቱ ነው፤ በምድር ጠመዝማዛ ገጽ ላይ በሚሰመረው አጭሩ መስመር ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው፤ ወደ 13 ሰዓት። የመጀመሪያው መልስ ከምኒልክ ዘመን እስከ ዛሬ ያው ነው። ሁለተኛው ግን ዛሬም ቢሆን እውነት የሚሆነው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ከዋሽንግተን የተነሳ አውሮፕላን የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይደርሳል። ከቦሌ የተነሳው ግን መሐል ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል፤ በጠቅላላው ከ16 እስከ 17 ሰዓት ይፈጅበታል። የግድግዳ ሰዓት ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከአዲስ አበባ ተነስቶ 17 ሰዓት የተጓዘ ሰው በበጋቸው ወራት ዋሽንግተን ሲደርስ የአገሬው ሰዓት ገና ከጧቱ 2 ሰዓት ነው፤ አሥር ሰዓት ብቻ የተጓዘ ይመስለዋል። ከዚያ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተነስቶ 13 ሰዓት የበረረው ግን ቦሌ የሚወርደው በማግሥቱ ከጧቱ 1 ሰዓት ነው፤ በሰዓቱ ቆጠራ ሃያ ሰዓት አለፈው። ረጅሙ አጭር፣ አጭሩም ረጅም መስሎ ይታያል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የሰባት ሰዓት ልዩነት ነው ይህን የሚያደርገው፤ በክረምታቸው ስምንት ይሆናል።

ይህን መስመር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን። ከቦሌ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነሳል፣ በደብረ ማርቆስ አካባቢ ጎጃምን ያቋርጣል፣ ከመተማ በስተደቡብ በቋራ በኩል ከአገር ይወጣል። ከካርቱም ብዙም ሳይርቅ ሱዳንን ሰንጥቆ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሊቢያ ይገባል፤ ከዚያም አልጄሪያን፣ የሜዲትራንያንን ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ስፔንንና ፖርቱጋልን አልፎ አትላንቲክን ያቋርጣል። በሉል ላይ ክር ዘርግቶ የሚያይ ሰው ሁሉ ሊያረጋግጠው ይችላል።

አሁን ወደ መጀመሪያው እንሂድ። በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስል የነበረው ሮበርት ስኪነር የንግድ ውል ለመዋዋል አዲስ አበባ ገባ። የአሜሪካ መንግሥት ወደ ምኒልክ ዙፋን የላከው የመጀመሪያው ልዑክ ነበር። ከማርሴይ እስከ ጅቡቲ በመርከብ፣ ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ በባቡር ሄደ። ሐዲዱ በዚያን ጊዜ ድሬዳዋ ላይ ያበቃ ነበር። ከዚያ ወዲያ በቅሎና ግመል፣ ድንኳንና ስንቅ፣ እንዲሁም የሚያጅቡት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወታደሮች ነበሩ። ስኪነር ጉዞውን ኋላ በመጽሐፍ አሳትሞታል። የዋሽንግተን ሰው በዚያ ዘመን አዲስ አበባን ለማየት ቢነሳ አትላንቲክን ለማቋረጥ አንድ ሳምንት ያህል፣ ከሜዲትራንያን እስከ ጅቡቲ ከአንድ ሳምንት በላይ፣ ከድሬዳዋ እስከ ሸዋ ደግሞ ሳምንታት ያስፈልጉት ነበር። የመርከቡን ጥበቃና የግመሉን ድርድር ስንጨምርበት ከስድስት ሳምንት ያነሰ ጉዞ አልነበረም ብል አልተጋነነም። ከዚህ ውስጥ እጅግ ዘገምተኛው የመጨረሻው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ውቅያኖሱ ቀላል፣ አዋሽ ከባድ ነበር።

መንገዱ ረጅም ብቻ ሳይሆን ሰው የሚበላም ነበር። ውሉ በአሜሪካ ምክር ቤት ከጸደቀ በኋላ ሰነዱን ወደ አዲስ አበባ መልሶ እንዲያደርስ የተላከው ኬንት ሉሚስ የተባለ ሰው ነበር፤ ወንድሙ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴራቸው ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። በሰኔ 1896 ዓ.ም. አትላንቲክን በማቋረጥ ላይ ሳለ ከመርከቡ ጠፋ። ሬሳው ከሳምንታት በኋላ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ተገኘ። ሰነዱን አዲስ አበባ ያደረሰው አብሮት ይጓዝ የነበረው የቴክሳስ ተወላጅ ጥቁር አሜሪካዊ ነጋዴ ዊልያም ኤሊስ ነው። የሁለቱ መንግሥታት የመጀመሪያ ውል አንድ መልእክተኛ ሞቶበት የደረሰ ወረቀት ነው።

ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. (በአውሮፓውያኑ 1917) ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር፤ ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ በሦስት ቀን ይደርስ ነበር። ሳምንታት የነበረው ሦስት ቀን ሆነ። በእኔ ግምት በሁለቱ ከተሞች መካከል ከተደረጉት የጊዜ ቅናሾች ሁሉ ለአዲስ አበባ ትልቁ ይህ ነው፤ አውሮፕላኑ ዝናውን ወሰደው እንጂ። ባቡሩ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በሐምሌ 1911 ዓ.ም.፣ በደጃዝማች ናደው የሚመራ ልዑክ ዋሽንግተን ገብቶ ከፕሬዚዳንት ዊልሰን ጋር ተገናኘ። ከልዑኩ አባላት ከንቲባ ገብሩ ደስታና ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ይገኙበታል። የተላኩት ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ድል አድራጊዎች የደስታ መግለጫ ለማድረስ ነው። በዚያን ጊዜ ወደ አሜሪካ መሄድ ወራት የሚጠይቅ፣ በመንግሥት ትእዛዝ ብቻ የሚሆን ተልእኮ ነበር። ማንም ለግል ጉዳዩ አያስበውም።

የመጀመሪያው አውሮፕላን በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በሚገኘው ገፈርሳ አረፈ። ፖቴዝ የተባለ የፈረንሳይ ሥሪት ነበር። ሕዝቡን አስደነቀ፤ የአዲስ አበባን ከዓለም ርቀት ግን አልቀነሰም። ከተማይቱን ከአውሮፓ ጋር በመደበኛ የአየር መስመር ያገናኘው ማን እንደሆነ መናገር ደስ አይልም፤ ወራሪው ነው። አላ ሊቶሪያ የተባለው የጣልያን አየር መንገድ ከ1928 ዓ.ም. በኋላ ሮማን በካይሮ፣ በካርቱምና በአስመራ በኩል ከአዲስ አበባ ጋር አገናኘ። ጉዞው ቀናት ይወስድ ነበር፤ ከመርከብና ከባቡር ጋር ሲነጻጸር ግን ትልቅ ፍጥነት ነው። ያ ፍጥነት የተገነባው የቅኝ ገዥ ሹም፣ ፖስታና ትእዛዝ በቶሎ እንዲደርስ ነው። አጭር የጉዞ ሰዓት በራሱ ለአገሬው በጎ ነገር ነው ብለን እንዳንቸኩል ይህን ምዕራፍ ማስታወስ ይገባል።

ከነፃነት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በየካቲት 1937 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን በስዊዝ ካናል መራራ ሐይቅ ላይ፣ «ኩዊንሲ» በተባለችው የጦር መርከብ ተገናኙ። ወደ ግብፅ የሄዱት በአሜሪካ አውሮፕላን ነበር። አሜሪካ ራሷ ወደ መንገዱ እኩሌታ መጥታ ነበር ማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር መገባደጃ፣ ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር በተደረገ ስምምነት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው መደበኛ በረራ በአስመራ በኩል ካይሮ ደረሰ። ከጦርነቱ የተረፉ አምስት ሲ-47 አውሮፕላኖች ነበሩ ሥራውን የጀመሩት። መቀመጫዎቹ በግራና በቀኝ ግድግዳ የተዘረጉ አግዳሚዎች ሲሆኑ ዕቃ በመሐል ይጫን ነበር። ተሳፋሪው ጉልበቱን ከከረጢት ጋር አጣብቆ ይሄድ የነበረበት ያ በረራ ግን ከካይሮ ወዲያ የዓለምን የአየር መስመሮች ሁሉ ከፈተለት።

ቀጥሎ የመጡትን ዓመታት ቶሎ ልለፋቸው። በ1950 ዓ.ም. ዲሲ-6ቢ ፍራንክፈርት ገባ። በ1955 ዓ.ም. የጄት ዘመን በቦይንግ 720ቢ ተጀመረ፤ ቦሌም ለጄቱ ተሠራ፣ የልደታው ሜዳ ለእንዲህ ዓይነት አውሮፕላን የሚበቃ አልነበረምና። 720ቢ ለከፍታ አገር የሚስማማ ጉልበት ያለው ሞተር ስለነበረው ለኢትዮጵያ ተመራጭ ሆነ። ከዚህ በኋላ የአዲስ አበባ ሰው ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ አውሮፓ ላይ አውሮፕላን ይቀይራል፣ ምናልባት አንድ ሌሊት ያድራል፣ በማግሥቱ አትላንቲክን ያቋርጣል። ስድስት ሳምንት የነበረው ሁለት ቀን ሆነ። ለትምህርት የተላኩት ወጣቶች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ ሄደው በዚሁ ተመለሱ።

አሁን ቆም ልበል፤ የዛሬው ንግግሬ ዋና ጉዳይ እዚህ ነውና።

ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. (በአውሮፓውያኑ ጁን 1 ቀን 1984) አንድ አዲስ ቦይንግ 767-200ኢአር ከዋሽንግተን ተነስቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። 12,082 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ተጓዘ። ለባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን የዚያን ዘመን የዓለም የርቀት ክብረ ወሰን ነበር። በዚያ ጊዜ አየር መንገዱን ይመሩ የነበሩት ካፒቴን መሐመድ አሕመድ ናቸው። የዛሬው ተሳፋሪ በትኬቱ ላይ ከሚያነበው ሰዓት ጋር አስተያዩት። ልዩነቱ በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው። ከአርባ ዓመት በላይ አልፏል፤ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ሰዓት ግን በቁም ነገር አልተለወጠም።

የለውጥ ታሪክ ፈላጊ ሰው ይህ ያስገርመዋል። ዕድገት በየዓመቱ ሰዓቱን ይቀንሳል ብለን እናስባለንና። ዳሩ ግን የመንገደኛ ጄቶች ፍጥነት ከ720ቢ ዘመን ወዲህ ያው በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የተለወጠው ያላቸው ትዕግሥት ነው ልበል፤ ሳይወርዱ ምን ያህል ሊቆዩ እንደሚችሉ፣ በስንት ሊትር ነዳጅ።

ከዚያ ክብረ ወሰን በኋላ ምን ሆነ? መደበኛ የዋሽንግተን በረራ የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ነው። አሥራ አራት ዓመት! አውሮፕላኑ መንገዱን በአንድ ሌሊትና በአንድ ጧት ጨርሶ አሳይቶ ሳለ ሰው በዚያ መንገድ ለመሄድ አሥራ አራት ዓመት ጠበቀ። ከምክንያቶቹ አንዱ ደንብ ነበር። በዚያ ዘመን ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን አንዱ ሞተር ቢጠፋበት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያርፍበት ከሚችል ሜዳ እንዳይርቅ የአሜሪካ ሕግ ይከለክል ነበር። ገደቡ ወደ 120 ደቂቃ የሰፋው በአውሮፓውያኑ 1985 ነው። ሌላው ምክንያት ፖለቲካ ነበር። ደርግ የአሜሪካን አምባሳደር ካስወጣ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ የሚመራው በጉዳይ ፈጻሚ ነበር። የሶሻሊስቱ ሰፈር ወዳጅ የሆነ መንግሥት አውሮፕላኑን ከሲያትል ሲገዛ ማየት ለብዙ ሰው እንቆቅልሽ ነው፤ ለአየር መንገዱ ግን የጥገና፣ የሥልጠናና የመለዋወጫ ጉዳይ ነበር፣ የቆየ ልማዱንም በመጠበቁ ተጠቀመ እንጂ አልተጎዳም። ሁለቱ መንግሥታት አይነጋገሩም፣ ሁለቱ ድርጅቶች ይነጋገራሉ።

ያ ወር ምን ወር እንደነበረ ደግሞ ማንም አይስተውም። ወሎና ትግራይ በረሃብ እየተቃጠሉ ነበር። ከአሜሪካ የሚላክ የእርዳታ እህል በመርከብ ተጭኖ አሰብና ምፅዋ ለመድረስ ሳምንታት፣ ከወደብ በካሚዮን ተነስቶ ተራበው ዘንድ ለመድረስ ደግሞ ሌላ ጊዜ ይፈልግ ነበር። በአንድ ሰማይ ሥር በአንድ ሰሞን ከአሜሪካ እስከ ኢትዮጵያ ሁለት የጉዞ ሰዓት ነበር፤ የአውሮፕላኑ 13 ሰዓትና የስንዴው ወራት።

ሦስተኛም ነበር። ከቀይ ሽብር ዘመን አንሥቶ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ አሜሪካ የሄዱት በእግራቸው ጀምረው ነው። ከጎንደር ወደ መተማ፣ ከመተማ ወደ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ወደ ካርቱም። ቀን ተደብቀው ሌሊት እየተጓዙ ድንበር ለመሻገር ሳምንታት፤ ሱዳን ውስጥ በመጠለያ ጣቢያ ወይም በካርቱም ጓዳ ወራትና ዓመታት። የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በአውሮፓውያኑ 1980 ከወጣ በኋላ መንገዱ ሰፋ፤ ቢሆንም ቃለ መጠይቅ፣ የጤና ምርመራ፣ ተቀባይ ድርጅት መጠበቅ ነበረበት። የአውሮፕላኑ ትኬት እንኳ ብድር ነበር፤ አሜሪካ ገብቶ ሥራ ሲይዝ በየወሩ የሚከፍለው። ይህ ሰው «ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?» ቢባል ሦስት ዓመት፣ አራት ዓመት ብሎ ቢመልስ ስሌቱ ትክክል ነው።

አሁን ቅድም ያሰመርነውን መስመር አስቡ። ከቋራ ወጥቶ በካርቱም አቅራቢያ የሚያልፈውን። ስደተኛው የተጓዘው ከዚያው አጭር መስመር ብዙም ሳይርቅ ነው። አብራሪው በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚያቋርጠውን ምድር እሱ በጫማው አቋረጠው። ኋላ በመጡት ዓመታት ከሱዳን ወደ ሊቢያ፣ ከሊቢያ ወደ ሜዲትራንያን የሚሻገሩት ወጣቶችም መነሻቸው ያው መስመር ነው፤ መድረሻቸው ባይመሳሰልም። የምድርን አጭር መንገድ ጂኦሜትሪ የተማረውም ያልተማረውም ያገኘዋል።

ዛሬ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ በአሜሪካ ካሉት ትልቁ ነው። መሥራቾቹ ብዙዎቹ በዚህ በሦስተኛው መንገድ የደረሱ ናቸው። በ1990 ዓ.ም. መደበኛው በረራ ሲከፈት አውሮፕላኑን የሞሉት እነርሱና ዘመዶቻቸው ናቸው። ስለዚህ የቀጥታውን በረራ ያዋለደው 767 ነው ከማለት ይልቅ የእግረኛው መንገድ ነው ብል ይቀርበኛል። የገበያ ጥናት የሚባለው ነገር ሁሉ የቆመው ካርቱም ላይ በጠበቁት ሰዎች ላይ ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ፤ ሲሄድ ረጅም ሲመለስ አጭር የሆነው ለምንድን ነው? ብዙ ሰው ነፋሱ ነው ይላል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በከፍተኛው ሰማይ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ የሚመለሰውን ይገፋዋል፣ የሚሄደውን ይገታዋል፤ ይህ እውነት ነው፣ በሰዓት ያህል ይቆጠራል። ዋናው ምክንያት ግን ያለው ቦሌ መሬት ላይ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል፤ የዋሽንግተኑ ደለስ 95 ሜትር ገደማ ላይ። በቦሌ ከፍታ የአየሩ ጥቅጥቅነት በባሕር ወለል ካለው ሰማንያ በመቶ እንኳ አይሞላም። ስስ አየር ሞተሩን ጉልበት ያሳጣዋል፣ ክንፉንም ማንሻ ያሳጣዋል። አውሮፕላኑ በባሕር ዳር ከሚነሳበት ፍጥነት አሥራ ሁለት በመቶ ያህል በሚበልጥ ፍጥነት ካልተንደረደረ አይነሳም፤ መንደርደሪያውና ጎማው ግን ልክ አላቸው። አንድ ሞተር ቢጠፋ በቀረው ተራራውን መዝለል መቻሉም መረጋገጥ አለበት። ስለዚህ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት አብረው ከቦሌ አይነሱም። አንዱ ይቀነሳል። አየር መንገዱ የቀነሰው ነዳጁን ነው።

በ1976ቱ ክብረ ወሰን አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሳይሆን ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የበረረው እንዲሁ በአጋጣሚ አልነበረም ማለት ነው። ምኒልክና ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃው ሲወርዱ መሬቱን የመረጡት ለፍል ውሃውና ለአየሩ ነበር። ያ አየር ዛሬ ሰው ሲተነፍሰው ደስ የሚል፣ ሞተር ሲተነፍሰው የሚያጥር አየር ነው።

ነዳጁ የሚሞላበት ቦታ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ለረጅም ጊዜ ሮማ ነበር። ከአዲስ አበባ ሮማ፣ ከሮማ ዋሽንግተን ያለውን ብንደምር ከአጭሩ መስመር የሚበልጠው በ150 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በ2007 ዓ.ም. ወደ ደብሊን ተዛወረ፤ ትርፉ መንገድ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። በቅርብ ዓመታት ሎሜ ተጨመረች፤ በዚያ በኩል ትርፉ ከ1,100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ለነዳጅ ብቻ ቢሆን ሎሜን የሚመርጥ የለም። ነገር ግን በሁለት የውጭ አገሮች መካከል መንገደኛ መጫን የሚፈቅድ መብት አለ፤ በአውሮፓውያኑ 1944 በቺካጎ በተደረገው ጉባኤ መሠረቱ የተጣለ፣ ኢትዮጵያም የተሳተፈችበት። ሎሜ ላይ የምዕራብ አፍሪካ ተሳፋሪ ይሳፈራል። ለአዲስ አበባው መንገደኛ የሰዓት ኪሣራ የሆነው ለአየር መንገዱ የወንበር ትርፍ ነው። ወቀሳ አይደለም፤ ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት ከፊሉ የሒሳብ ሹም ሥራ መሆኑን ለማሳየት ነው።

በነሐሴ 2004 ዓ.ም. በአፍሪካ የመጀመሪያው ቦይንግ 787 መጣ፤ ነዳጅ ቆጣቢና ረጅም ተጓዥ። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ያለውን ጉዞ ምቹና ርካሽ አደረገው። ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን ያለውን ግን ከማረፍ አላዳነውም። ከፍታውን የሚያሸንፍ ፋብሪካ የለም።

ሰማዩም እንደ መሬቱ በር አለው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ሊቢያ ሰላም አጣች፤ የብዙ አገሮች የአቪዬሽን ባለሥልጣናት በሰማይዋ እንዳይበረር አስጠነቀቁ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ የሱዳን የአየር ክልል ተዘጋ። ቅድም ባሰመርነው መስመር ላይ ተከታትለው የሚገኙት ሁለቱ አገሮች እነዚህ ናቸው። ካርታው ላይ አጭሩ መስመር አሁንም 11,560 ኪሎ ሜትር ነው፤ አብራሪው ግን ጦርነቱን ይዞራል። የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ ሽፍታ ያለበትን ቆላ ትቶ በደጋ ይዞር እንደነበረው ማለት ነው። እሱ ቢጠየቅ መንገዱ ረዘመ ይል ነበር፤ የእኛ ሠንጠረዥ አልረዘመም ይላል።

አሁን ደግሞ በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ታቅዷል። ቦታው ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። በመደበኛው የአየር ሠንጠረዥ ሲሰላ እዚያ ያለው አየር ከቦሌው አራት በመቶ ያህል ይጠቀጥቃል፤ ረዘም ያለ መንደርደሪያም ሊኖረው ይችላል። አራት በመቶ ትንሽ ይመስላል። በአንድ ትልቅ አውሮፕላን የመነሻ ክብደት ላይ ግን ብዙ ቶን ነው፤ ብዙ ቶን ነዳጅ ደግሞ ሰዓት ነው። ለዚህ መቶ ዓመት ለተቃረበ የአየር ታሪካችን፣ ከመንደርደሪያው ጀምሮ ከፍታውን ለመቀነስ የተደረገ የመጀመሪያው ሙከራ ይሆናል። ለተማሪዎቼ ከዚሁ የሚወጣ የቤት ሥራ አለኝ፤ የ1896ን፣ የ1911ን፣ የ1976ን፣ የ2015ን መንገደኛ እያንዳንዱን ለብቻው ወስዳችሁ ሰዓቱ የት የት እንደዋለ ቁጠሩ። ስንቱን በመርከብ፣ ስንቱን በበቅሎ፣ ስንቱን በአየር፣ ስንቱን በወረፋ አሳለፈው? የቪዛ ቀጠሮውንም እንዳትረሱ፤ ለዛሬው መንገደኛ ከጉዞው ሁሉ ረጅሙ እሱ ነው።

እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ ለጥያቄ የቀረን ጊዜ አለ።